ሰዓትን ከሰማይ መቅዳት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የትኛው ርካሽ የሰዓት ሰርቨር ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ሆጤ አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ጋሼ ደወሉልኝ። ሌባ ገብቶባቸዋል። ካሜራ አለ፣ ቀረጻውም አለ፤ ግን ነገሩ አልጨበጥ ብሏቸዋል። የሱቁ ካሜራ ከአንድ ዲቪአር (ቀረጻውን ከሚያስቀምጠው ሳጥን)፣ የመጋዘኑ ደግሞ ከሌላ ዲቪአር ጋር ነው የተያያዘው። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈትን። ሌባው በሱቁ በር ሲገባ 9፡52 ይላል። በመጋዘኑ በር ሲወጣ 3፡10። አንዱን ያስተካከለው ሰው በፈረንጅ፣ ሌላውን ያስተካከለው በሐበሻ አቆጣጠር ነው። እሺ፣ ስድስቱን ሰዓት ቀነስን። አሁንም 42 ደቂቃ አልገጥም አለ።

ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ሳይገባ ነው የወጣው!»

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። አንደኛው ዲቪአር ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል፤ አንድ ሰው መጥቶ የእጅ ሰዓቱን እያየ ይሞላዋል። የዚህ መድኃኒቱ በግቢው ውስጥ አንድ የታመነ ሰዓት ማስቀመጥና ሌላው ዕቃ ሁሉ ከሱ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። የሰዓት ሰርቨር የምንለው ይኸው ነው። ባለፉት ዓመታት በተለያየ ዕቃ ስሠራው ቆይቻለሁ። የቱ ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ዋጋ በብር አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል።

በቅድሚያ ስንት ያህል ትክክል ይበቃችኋል?

መሣሪያዎቹ ሰዓት የሚጠያየቁበት ቋንቋ ኤንቲፒ ይባላል። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ነው፤ ዛሬም ዓለም የሚሠራበት እሱ ነው። ጥያቄውም መልሱም 48 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ጉልበተኛ ማሽን መሆን የለበትም። የአውራ ጣት የምታህል ቦርድ ትችለዋለች።

ለካሜራ፣ ለጣት አሻራ መቆጣጠሪያና ለሽያጭ ማሽን የአንድ ሰከንድ ስሕተት ምንም አይደለም። በቢሮ ኔትወርክ ተጠቃሚ ለማስገባት ዊንዶውስ እስከ 5 ደቂቃ ልዩነት ይታገሣል። የብዙ ሰርቨሮችን መዝገብ እያመሳከረ ጥፋት የሚፈልግ ሰው ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺሕኛ) ያስፈልገዋል። ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) የሚፈልጉት የሬዲዮና የልኬት ሰዎች ናቸው፤ እንዲሁም እንደኔ ሱስ የያዛቸው። ለሱቅ ማይክሮ ሰከንድ መፈለግ ጤፍን በወርቅ ሚዛን እንደ መስፈር ነው።

ምንም ሳትገዙ

ኢንተርኔታችሁ የማይቆራረጥ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ብታቆሙትም አልቀየምም። የኤንቲፒ ፑል የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ከ2003 ጀምሮ ሰዓት በነፃ ያድላል። ብዙ ራውተሮች ከዚያ ወስደው ለግቢው ያከፋፍላሉ። ትክክለኛነቱም አይናቅም። ኤንቲፒ መልእክቱ ሲሄድም ሲመለስም እኩል ጊዜ ፈጅቷል ብሎ ነው የሚያሰላው። ደርሶ መልስ 200 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀበት ስሕተቱ ቢበዛ ቢበዛ 100 ሚሊ ሰከንድ ነው። ካሜራ ይህን አያውቀውም።

እዚህ አካባቢ ግን ኢንተርኔት ለሰዓታት ብቻ ሳይሆን ለወራት ሲጠፋ አይተናል። መብራት ሲመጣም ኔትወርኩ ቶሎ ላይከተል ይችላል። በዚያ መሐል ባትሪው የሞተ ዲቪአር የራሱን ታሪክ ይጽፋል። ሰዓትን ከሳተላይት የሚቀበለው ጂፒኤስ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ከላይ የሚመጣውን ሰዓት ማንም አያቋርጠውም።

ባትሪ ያላት የሰዓት ቺፕ ብቻዋን

ሰማይ ማየት ለማይችል ቤት፣ ለምሳሌ ለምድር ቤት፣ ዲኤስ3231 የምትባለዋ ቺፕ አለች። ሙቀትና ብርድ ሲለዋወጥ ራሷን ታርማለች። ስሕተቷ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በስድስት ወር አንዴ ካስተካከላችኋት ለካሜራ በቂ ናት።

ዲኤስ1307 ከምትባለው ጋር እንዳታምታቷት። እሷም ትረክሳለች፣ ቦርዷም ይመሳሰላል፤ ብርድ ግን አትወድም። የተራ ሰዓት ክሪስታል የሚስማማው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በ15 ዲግሪ ሲርቅ በቀን ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። የታኅሣሥን የደሴ ሌሊት የምታውቁ አስቡት። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቃት ናት፤ ያው ቺፕ እዚያ ይሻለዋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ የሰዓታችሁ ጠባይ ይለወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰማያዊዋ የዲኤስ3231 ቦርድ ባትሪ የምትሞላ ትንሽ መስመር አላት። የምንገዛት ተራ ክብ ባትሪ ደግሞ አትሞላም። በ5 ቮልት ስታሠሯት ባትሪዋ ልታብጥ ትችላለች። ያቺን የመሙያ መስመር ሬዚስተር ንቀሏት ወይም በ3.3 ቮልት አሠሩ።

ጂፒኤስ ሲገባ፦ ልጁና ደወሉ

የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ ይዞራል። ርካሿ ሞጁል (የጂፒኤስ መቀበያዋ ቦርድ) ሰዓቱን በሁለት መንገድ ትነግራችኋለች። አንደኛው ጽሑፍ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በሽቦ ትልካለች። ሁለተኛው ፒፒኤስ ነው፤ በየሰከንዱ መባቻ አንዴ የምትሰጠው ምት።

ርእሰ መምህሩ አንድ ልጅ ልከው «ሦስት ሰዓት ሆኗል» ቢያስብሉ፣ ልጁ እስኪደርስ ሰዓቱ አልፏል። አንዳንዴ ይሮጣል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ብይ ይጫወታል። ጽሑፉ ይህ ልጅ ነው፤ የሰከንድ ጥቂት አሥረኛ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የሚዘገይበትም ልክ ይለያያል። ፒፒኤስ ደወሉ ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግራችሁም፤ መቼ እንደሆነ ግን አይሳሳትም። ጥሩ ሰርቨር ሁለቱንም ይሰማል።

ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፦ ደወሉን የምትሰማው ማን ናት?

ለምሳሌ ፍላሽ የምታህለዋ የዩኤስቢ ጂፒኤስ አትሰማም። የፒፒኤስ እግር (የሽቦ መውጫ) የላትም። ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ስትሰካ ግን ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ የሚሠራ ሰርቨር ይወጣል። ላፕቶፑ ሊኑክስና ክሮኒ የሚባለው የሰዓት ፕሮግራም ይጫንበታል። የልጁን መዘግየት በግምት ቀንሳችሁ ብታርሙለት ከሰከንድ በታች በደንብ ይቆያል። ባትሪው ጥቂትም ቢይዝ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል። ኪቦርዱ የተበላሸ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ካላችሁ አትጣሉት። ክፋቱ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ቦታም ይይዛል።

አርዱዪኖ ኡኖ የሚባለውን ቦርድ በአጭሩ ልለፈው። ይሠራል። ግን 2 ኪሎ ባይት ሚሞሪ ብቻ ነው ያለው፣ የኔትወርክ ቦርድ ለብቻ ይገዛለታል፣ የራሱ ሰዓት ቆጣሪም ደካማ ነው። ለመማሪያ እንጂ ለሥራ አልመርጠውም።

ኢኤስፒ 32፦ እኔ የምመክራት

ጋሼ ሱቅ የገባችው ይህቺ ዋይፋይ ያላት ትንሽ ቦርድ ናት። ቦርዷና የጂፒኤስ ሞጁሏ ተደምረው ከአንድ ራስፕቤሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ ከተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) በብዙ ይረክሳሉ። ሽቦው አምስት ነው፦ ኃይል፣ መሬት፣ የጽሑፍ መቀበያ፣ መላኪያ፣ የፒፒኤስ ሽቦ። መብራት ሲመጣ በጥቂት ሰከንድ ትነሣለች። የሚበላሽ ሚሞሪ ካርድ የላትም።

የምትረዱት አንድ ነገር አለ፤ በዋይፋይ ከሠራችኋት ደወሉን ሰምታ መልሱን የምትልከው በተጨናነቀ መንገድ ነው። መልሷ በብዙ ሚሊ ሰከንድ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ይባስ ብሎ ዋይፋይዋ ኃይል ለመቆጠብ በየመሐሉ ያንቀላፋል። መጀመሪያ የሠራኋት መልሷ አንዴ በ3፣ አንዴ በ100 ሚሊ ሰከንድ ይመጣ ነበር። ሁለት ቀን ኮዴን ስፈትሽ ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ እንቅልፉ ነው። በኮዱ ውስጥ የዋይፋይ እንቅልፍን መዝጊያ አንድ መስመር አለ፤ እሱን ጻፉ።

የተሻለው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያላትን መግዛት ነው። ደብሊውቲ32-ኢቲኤች01 የምትባለው ቦርድ መሰኪያው አብሯት የተሠራ ነው። በኬብል ሲሆን ኮዱ በደንብ ከተጻፈ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ትወርዳለች። ስትገዟት ግን እወቁ፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ የላትም። ፕሮግራም ለመጫን የዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ያስፈልጋል። ሲጫንም ዜሮ ቁጥሯን እግር ከመሬት ጋር ማገናኘት አለባችሁ። ይህን ሳያውቅ «የሞተ ቦርድ ሸጡልኝ» ብሎ ሊመልስ የሄደ ወዳጅ አለኝ። ነፃ እግሮቿም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሏን አይታችሁ ሽቦውን አስቡ።

ራስፕቤሪ ፓይ

በትክክለኛነት ከሄድን አሸናፊው ፓይ ነው። ጂፒኤስዲ የሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ያነባል፣ ክሮኒ ደወሉን ይከተላል፤ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይቀመጣል። የፒፒኤስ ሽቦ የሚገባው ብዙ ጊዜ ጂፒአይኦ 18 የሚባለው እግር ላይ ነው፤ ይህ በእግሮቹ ረድፍ 12ኛው ነው። ቁጥሩን የሚያምታታ ብዙ ነው። ለትምህርት ቤት ላብ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ክፍል ፓይ ይሻላል፤ ተማሪው ግራፉን እያየ ይማርበታል።

ዘር ምረጡ። ፓይ 4 የራሱ የኔትወርክ መስመር አለው። ፓይ 3ና ከዚያ በፊት ያሉት ኔትወርካቸው በዩኤስቢ በኩል ስለሚያልፍ ትንሽ ይንገዳገዳል። ፓይ 5 ሰዓት ቺፕ አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻ ይገዛል። ከዚያ በፊት ያሉት መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሱታል።

የኔ ቅሬታ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሉ ይበላሻል። በአንድ ክረምት ሦስት ካርድ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛው ሲሞት ነው ካርዱ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት አድርጎ መቆለፍን የተማርኩት። ፓይ ካላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ቆልፉት። ፓይ ከሌላችሁ ደግሞ ለሰዓት ብላችሁ ብቻ አትግዙ።

የትኛዋ ጂፒኤስ?

ገበያ ላይ የምትበዛው ኒዮ-6ኤም ናት። ትሠራለች። ግን የምታዳምጠው የአሜሪካውን ጂፒኤስ ብቻ ነው። በተለመደው ርካሽ ቦርዷ ላይም ፒፒኤሱ ወደ ብልጭልጭ መብራቷ እንጂ ወደ እግር አልወጣም። ከመብራቷ ሥር ቀጭን ሽቦ ሶልደር ማድረግ ግድ ይላል። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ተዉት። ኤቲጂኤም336ኤች የምትባለዋ የቻይናውን ቤይዱም ትሰማለች፣ ፒፒኤሱም ራሱን የቻለ እግር አለው። በተመሳሳይ ገንዘብ እኔ እሷን እወስዳለሁ።

ደሴ ላይ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። ከተማው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የጦሳ ተራራ በአንድ በኩል ሰማዩን ይከልላል። አንድ ዓይነት ሳተላይት ብቻ የምትሰማ ሞጁል አራት እስክታገኝ ትቸገራለች። ከሁለት ቤተሰብ የምትለቅም ግን ቶሎ ታገኛለች። ቦታችሁ በጣም የተከለለ ከሆነ ለሰዓት ተብላ የተሠራችው ኒዮ-ኤም8ቲ አለች። ቦታዋን አንዴ ካወቀች በኋላ በአንድ ሳተላይት እንኳ ሰዓቷን ትይዛለች። ዋጋዋ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ከሆናችሁ በዚህ አትጨነቁ።

ያገለገለ ሞጁል ስትገዙ ቀኑን እዩት። ጂፒኤስ ሳምንታትን እስከ 1024 ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የመጨረሻው ዙር ያለቀው ሚያዝያ 6 ቀን 2019 በፈረንጆች ነው። ያረጁ ሞጁሎች ከዚያ ወዲህ ቀኑን 20 ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ያህል ወደ ኋላ ሊመልሱት ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቱ ዝቅ ብሎ ስታዩ «የኛ አቆጣጠር ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት።

ሌላም አለ። የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ሞጁሏ ይህን ቁጥር ከሳተላይት እስክትሰማ ፋብሪካ የሞላላትን አሮጌ ቁጥር ትጠቀማለች። ሙሉ መልእክቱ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትበራ ሩብ ሰዓት ያህል አትመኗት።

ቆርቆሮ፣ ጉምና መብራት

ጉም ይከልለዋል ወይ ብለው ብዙዎች ይጠይቁኛል። አይከልለውም። ቆርቆሮ ግን ይከልለዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብላችሁ አንድ ሰዓት ብትጠብቁ ሳተላይት አትመጣም። ጋሼ ሱቅ ያደረግነው ይህን ነው፦ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ገዛን፣ የኬብሉን ቀዳዳ በሥሩ በኩል በጋለ ምስማር በሳን፣ አንቴናዋን ነጩ ፊቷ ወደ ላይ ሆኖ ውስጧ አጣበቅን። ከጣሪያው ጫፍ ሥር ሳይሆን ወጣ አድርገን በብረት ዘንግ አሰርናት። ከጣሪያው በላይ ግን አላስረዘምናትም፤ የሐምሌን የደሴ መብረቅ አውቀዋለሁ።

ለኃይል፣ ኢኤስፒዋ ከነጂፒኤሷ 1 ዋት አካባቢ ነው የምትወስደው። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ አንድ ቀን ያህል ያቆያታል። ፓይ 4 ቢያንስ ሦስት እጥፍ ስለሚወስድ ሌሊቱን አያነጋም። ፓወር ባንክ ስትመርጡ እየሞላ የሚሰጥ ይሁን። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ለቅጽበት የሚያቋርጥ አለ፤ ቦርዷ ሁሌ ትነሣለች ትወድቃለች። ሱቅ ውስጥ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩት። የራውተር ሚኒ ዩፒኤስ ያለው ሰው ደግሞ ዕቃዎቹን በኬብል የሚያገናኘውን ስዊችም እዚያው ይሰካ፤ ሰዓቱ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ማን ይጠይቀዋል?

ሲገጣጠም የሚያጋጥም

ሰርቨሩ የሚሰጠው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት የሚጨምረው እያንዳንዱ ዕቃ ራሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ። የሐበሻ ሰዓት እንዲታያቸው የሚፈልጉ ብልጦች ደግሞ ብራዚሊያን ይመርጣሉ! ብራዚሊያ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ከኛ ስድስት ሰዓት ትቀንሳለች፤ ልክ የኛው አቆጣጠር። ለግድግዳ ማሳያ ደስ ይላል። ለካሜራ ግን አታድርጉት፤ ቀኑ የሚቀየረው ንጋት ላይ ይሆናል፣ ፖሊስ ጣቢያም ብራዚልን ማስረዳት አለባችሁ።

የእናት ሰሌዳው ባትሪ የሞተበት ኮምፒውተር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ ሰርቨሩን ብትጠቁሙለትም ላይታረም ይችላል። በተለመደው አሠራሩ ለብቻው ያለ ዊንዶውስ ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ልዩነት አይቀበልም። መጀመሪያ ቀኑን በእጅ ጠጋ አድርጉለት። ባትሪውን መቀየሩ ደግሞ ከሁሉ ይረክሳል።

የጋሼን ሥራ የጨረስነው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነው። ሁለቱን ዲቪአር፣ የሂሳብ ኮምፒውተሩንና የጣት አሻራውን ወደ ትንሿ ሳጥን ጠቆምናቸው። አራቱም እኩል ሰከንድ ቆጠሩ። ጋሼ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ አዩ፤ ረክተዋል። ከካሸሯ በላይ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ግን 10 ደቂቃ ይቀድማል። ወንበር ስቤ ላወርደው ስል እጄን ያዙኝ።

«እሱን አትንካብኝ ልጄ። ሠራተኛው በጊዜ የሚመጣው በሱ ነው።»